ሟች የሌለበት ድንኳን

ልጄን ናዝሬት ለምትኖረው አክስቷ ልሰጥ የወሰንኩት ተናድጄ ነው። ተናድጄ የወሰንኩትን ነገር ደግሞ ንዴቴ ከበረደ በኋላም አልመልሰውም፤ እንዲህ ያለ አመል አለብኝ። አማቴ "አንቺ እንኳን ሰው መልአክ ወርዶ ቢነግርሽ አትሰሚም" ይሉኝ ነበር። እሳቸውም ከመልአክ ጋር ተከራክረው የሚረቱ ሴት ስለነበሩ ነገሩን እንደ ስድብ አልቆጥረውም።

ዘመኑ ደርግ ነው። የምንኖረው መካኒሳ፣ ከድልድዩ ከፍ ብሎ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበር። ባለቤቴ ወታደር ሆኖ ሰሜን ዘምቷል። ቤት ውስጥ እኔ፣ አማቴና ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ነን። ሦስታችንም አፋችን ስለማያርፍ ቤቱ ሰው የጎደለበት አይመስልም ነበር።

ችግራችን መንገዱ ነው። ድሮ እኛ ሰፈር መኪና ሲያልፍ ልጆች ከቤት ሮጠው ወጥተው ያዩት ነበር። ጀሞ ያን ጊዜ የጤፍ ማሳ ነው፤ ላፍቶም ቢሆን ከባሕር ዛፍ በስተቀር እዚህ ግባ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኋላ ከላፍቶ ወዲያ የድንጋይ ካባ ተከፈተና ድንጋዩ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ የመንግሥት ሕንፃ በገልባጭ መኪና ይጋዝ ጀመር። ኮረኮንቹ ተደለደለ። እሰይ፣ መንገድ ተሠራልን ብለን ሳንጨርስ ገልባጮቹ ባለፉ ቁጥር ቤቱ እየተንቀጠቀጠ የባለቤቴ ፎቶ ከግድግዳው ይወድቅ ጀመር። ሾፌሮቹ በቀን ማድረስ ያለባቸው ምልልስ አለ፤ ኮታ ነው። ኮታውን ላለፈ ይጨበጨብለታል፣ ያላደረሰ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ስለዚህ ይበራሉ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠውን የጎረቤታችንን ልጅ ገልባጭ ገጫት። አልሞተችም። እግሯ ግን ከጉልበቷ በታች ተሰባብሮ ሆስፒታል ተኛች። ልጄ አጠገቧ ነበረች። ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፤ የጓደኛዋን አንድ እግር ጫማ ይዛ መጥታ "ለእናቷ ስጪልኝ" አለችኝ። እኔ የተናደድኩት ያን ጫማ ሳይ ነው። በዚያው ሳምንት ከባለቤቴ እህት ጋር ተስማማን፤ ከጥምቀት በኋላ መጥታ ልጅቷን ትወስዳለች፣ ልጅቷም እዚያው ናዝሬት ትማራለች።

"አባቷን ጦርነት ወሰደብኝ፣ እሷን ደግሞ አንቺ ውሰጅብኝ" አሉ አማቴ።

"ናዝሬት ቢያንስ በሁለት እግሯ ትሄዳለች" አልኳቸው።

ያን ማታ እራት አልበሉም። ልጄም ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና "እኔ ናዝሬት አልሄድም" ስትል ሰምቻታለሁ፤ እንዳልሰማ ሆንኩ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጇን ጨብጬ አሻግራታለሁ፣ ቀትር ላይ ሄጄ አመጣታለሁ። ማዶ እስክንደርስ ትንፋሼን እይዝ ነበር።

መንገዱን ለማስተካከል ያልሞከርነው ነገር የለም። መጀመሪያ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እህቴ" ይለኛል፣ ከጠረጴዛው ኋላ ሲቀመጥ ግን "ጓድ" እሆናለሁ።

"ጓድ፣ የልማት መኪና እንዴት ይቁም ይባላል? አሻጥር ነው ቢሉንስ?" አለኝ።

አሻጥር የሚለው ቃል ያን ጊዜ እንደ ዛሬ ቀላል አልነበረም፤ ሰው ያስበላል። ቢሆንም ሊቀመንበሩ ጨርሶ ባዶ እጃችንን አልሰደደንም። ጣውላ ላይ "ቀስ ብለህ ንዳ" አስጽፎ መታጠፊያው ላይ አስተከለ። አማቴ አይተውት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አሉ። ጣውላው ሳምንትም አልቆየ፤ የአንዱ ገልባጭ ረዳት ነቅሎ ለጎማ ማስደገፊያ ወሰደው።

ቀጥሎ እኛ የሴቶች ማኅበር አባላት ተነሳን። ቀይ ጨርቅ ይዘን መንገድ ዳር እንሰለፍ አልን። ቀይ አደጋ ነው፣ ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። ለካ በዚያ ዘመን ቀይ ጨርቅ ሌላ ነገር ነው። ሾፌሮቹ ኮታቸውን እንዲያልፉ ልናበረታታቸው የወጣን መስሏቸው ክላክሳቸውን እያንባረቁ፣ ግራ እጃቸውን ጨብጠው በመስኮት እያወጡ፣ ከወትሮው ብሰው እየጋለቡ አለፉ። አንዱ ረዳትማ ጭነቱ ላይ ቆሞ መፈክር አወረደልን። አቧራችንን አራግፈን ገባን። አማቴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም፤ ጥምቀት እየደረሰ ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ ልጅ ድረው፣ በአልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ የእድሩ ድንኳን መንገዱ ዳር፣ ልክ መታጠፊያው ላይ ተተከለ። በሁለተኛው ቀን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ አማቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"አንቺ፣ ፀጥታው አልበዛም?"

"ለቅሶ ቤት ነው እማማ። ምን እንዲሆን ፈለጉ?"

"እሱን አላልኩም። መኪናውን ስሚ።"

ሰማሁ። ገልባጩ ከድልድዩ ሲወጣ እንደ ልማዱ ያገሳል፤ ድንኳኑ ሲታየው ግን ድምፁ ይወርድና አቧራ እንኳ ሳያስነሳ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሾፌሩ ኮፍያውን ያወልቃል። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ከተንጋለለበት ተነስቶ ቁጭ ይላል። ከኋላው የሚመጣውም እንደዚያው። ማንም አላዘዛቸውም። በሐዘንተኛ ላይ ክላክስ የሚያደርግ፣ በለቅሶ ቤት ላይ አቧራ የሚያለብስ ሰው ያሳደገው የለም ይባላል፤ ይህን ደግሞ ከየትም ይምጣ ከየት ሁሉም ሾፌር ያውቀዋል። ቀትር ላይ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ እየተላፉ፣ እየተሳሳቁ ተሻገሩ። ልጄም ከመሃላቸው ነበረች። እጇን ሳልይዝ ተሻግራ መጣች፤ እኔ ከአግዳሚው ተነስቼ ሳልደርስባት።

በሰልስቱ ድንኳኑ ተነቀለ። በማግስቱ ጠዋት የባለቤቴ ፎቶ እንደገና ወደቀ።

"እንግዲህ እኛ በሰላም እንድንኖር በየሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ይሙትልን?" ብዬ ጮህኩ።

አማቴ ፎቶውን አንስተው በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ፣ "ሰውየውማ ምን አደረጉ? ሥራውን የሠራው ድንኳኑ ነው" አሉ።

እድራችን በወር አንድ እሁድ ይሰበሰባል። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። ዳኛችን ጨርቅ የሚነግዱ ሐጂ ነበሩ፤ ለእድሩ ዕቃ የነበራቸው ጥንቃቄ ለሱቃቸው የነበራቸው አይመስለኝም። የሚነገረው ሁሉ ተነግሮ ሲያልቅ እጄን አውጥቼ ተነሳሁ።

"ድንኳኑን ሰው ሳይሞት እንትከለው" አልኩ።

 ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮሁ። አንዷ አማተበች፤ አንዱ "ይቺ ሴት ለይቶላታል" አለ። ሐጂ ጠረጴዛውን መትተው ጸጥ አሰኙና፣ "ልጄ፣ ድንኳን ያለ ሬሳ አይተከልም። በእስላሙም በክርስቲያኑም ነውር ነው። ሟርት ነው። ድንኳን ተክለሽ ስትቀመጪ ሞት የተጠራ ይመስለዋል" አሉኝ።

"ሞትማ ሳይጠራም እየመጣ ነው ሐጂ! ድንጋይ ጭኖ በደጃችን ሲመላለስ ነው የሚውለው!"

"እሺ፣ ይተከል እንበል" አሉ። "በማን ደጅ?"

ነገሩ የታነቀው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም የጎረቤቱን ደጅ ነበር ያሰበው። እኔም የራሴን ደጅ አልጠራሁም። መታጠፊያው ላይ ካሉት ደጆች ሁሉ ከሩቅ የሚታየው የኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለቤቴ ግንባር ነው። ግንባር ሰው ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ሲተከል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ለኖረ ሰው አይነገረውም። 

አማቴ ከሴቶቹ መሃል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

"በኔ ደጅ ትከሉት። በኔ ስም።"

"እማማ!" አልኩ።

"አንቺ ዝም በይ። ሐጂ፣ እኔ ጠግቤ ኖሬአለሁ። ሟርት ከሆነ ሟርቱ እኔን ያግኘኝ። ልጄ ያለበትን እግዜር ነው የሚያውቀው፤ እዚህ ተቀምጬ ላድነውም ልገድለውም አልችልም። የልጅ ልጄ ግን በየቀኑ ዓይኔ እያየ ነው የምትሻገረው። ወይ እዚህ መኪና ይበላታል፣ ወይ እናቷ ናዝሬት ትልክብኛለች። ሁለቱም ለኔ ለቅሶ ነው። እንግዲህ ለቅሶ አለ ማለት ነው፤ ትከሉ።"

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ።

"ድንኳኑን ፈቅጃለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ለቅሶ ግን አልፈቀድኩም። ማንም ነጠላውን አያዘቅዝቅ፣ ማንም ሙሾ አያውርድ። ዋሽተን አናለቅስም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይነቀላል፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሰዓት አላሳድረውም።"

ለሚጨነቅ አንባቢ አሁኑኑ ልንገረውና፣ ባለቤቴ ከዓመታት በኋላ በእግሩ መጥቶ ይህንኑ በር አንኳኩቷል። ያን ጊዜ ግን እኔ ይህን አላውቅም። ካስማው በደጄ ሲመታ ምቱ ሆዴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ከጥምቀት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የባለቤቴ እህት ደግሞ ሐሙስ ማታ ደርሳ አርብ ልጅቷን ይዛ ልትሄድ ቀጠሮ አለን። የልጄ ልብስ ታጥፎ ሻንጣ ገብቷል። ሴቶቹ "ድንኳን ያለ ንፍሮ ራቁቱን ነው" ብለው ስንዴና ባቄላ ቀቅለው መጡ፤ አግዳሚዎቹ ተደረደሩ፤ በደረቅ ዓይናችን ተፋጠጥን። እንዲህ ያለ ሰው የሚያፍርበት ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ገልባጮቹ ግን ልክ እንዳሰብነው ድንኳኑን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ።

አንድ ነገር ሳናስብ ቀርተናል። ለሰፈሩ ሰው ነግረናል፤ ለመንገደኛው ማን ይንገረው? ረፋድ ላይ ብስራተ ገብርኤል የምትኖር፣ በማኅበር ድግስ ሰበብ ከአማቴ ጋር ለዓመታት ተኳርፋ የኖረች ዘመዳቸው በዚያ ስታልፍ ድንኳኑን አየች። ነጠላዋን እዚያው መንገዱ ላይ አዘቅዝቃ ደረቷን እየደቃች ገባች።

"እኔን! እኔን! ሳንታረቅ! ደጊቱ! እጇ የማይሰስተው! ከአፏ ክፉ የማይወጣው!"

ከአፏ ክፉ የማይወጣው የሚለው ላይ ስትደርስ እኔ ፊቴን ወደ ሸራው አዞርኩ። አማቴ ከቤት ወጥተው በሩን ተደግፈው በጥሞና ያዳምጣሉ። ሴትየዋ ቀና ስትል አየቻቸው፤ ጩኸቷ አፏ ውስጥ ቀረ።

"ምነው አቆምሽ?" አሏት አማቴ። "ቀጥይ እንጂ፣ ደህና ይዘሽው ነበር።"

ከዚያ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሐጂ ከድንኳኑ ጥግ ሆነው "ለቅሶ ከልክዬ አልነበረም ወይ!" ብለው ቢቆጡም የሰማቸው የለም። ኩርፊያው በዚያው አበቃ፤ ሴትየዋም ሦስቱን ቀን ከኛው ጋር ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። የግንባር መርዶ ለየቤቱ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ እሱ ሳይሰማ ድንኳን በኔ ደጅ መተከሉ አስደንግጦታል። ነገሩን ስንነግረው አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። ግንባሩን ጠረገ። እንደሚቆጣ ጠብቄ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር።

"እድር የቀበሌ ጉዳይ አይደለም" አለ ቀስ ብሎ። "እኔ ለቅሶ ነው የደረስኩት። ለቅሶ አይከለከልም።" ከዚያ ንፍሮውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ረቡዕ ቀትር ላይ አንድ ገልባጭ ድንኳኑን አለፍ ብሎ ዳር ይዞ ቆመ። ሾፌሩ ረጅም ጎልማሳ ነው። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ገባና "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለካ በለቅሶ ቤት ደጅ ከትናንት ጀምሮ እየተመላለሱ ዝም ብሎ ማለፍ ከብዶታል። ንፍሮ ቀረበለት፤ ዘገነ። ጥቂት ከቆየ በኋላ አጠገቡ ወደተቀመጡት አማቴ ዘንበል አለ።

"ሟች ማን ናቸው፣ እናቴ?"

ሁላችንም ደነገጥን። ሾፌር ለቅሶ ይደርሳል፣ ይህንንም ይጠይቃል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

"ገና አልታወቀም፣ ልጄ" አሉት አማቴ።

"እንዴት?"

ትምህርት ቤት ተለቅቆ ልጆቹ ማዶ መንገዱ ዳር ተኮልኩለዋል። አማቴ በምርኩዛቸው ጠቆሙ።

"ከነዚያ ውስጥ አንዱ ነው። ምናልባት ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው። እሷ የኔ ናት። ምናልባት ያ አጭሩ። የእግዜር ነገር አይታወቅም፤ እኛ ብቻ እንዳይደርስብን ብለን ድንኳኑን ቀድመን ተከልን። ብላ እንጂ፣ ንፍሮው ይቀዘቅዛል።"

ሾፌሩ የዘገነውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰ። ማዶ ያሉትን ልጆች አያቸው። ከዚያ ብድግ አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

"እኔ ሰው ገጭቼ አላውቅም!"

"ማን ገጨህ አለ?" አልኩ፤ ምላሴ መች ያርፋል። "ግን ጠዋት ስታልፍ የባሌ ፎቶ ከግድግዳ ይወድቃል።"

"ወድጄ የምበር ይመስልሻል?" ብሎ ዞረብኝ። "ምልልሴን ካላደረስኩ ሰው ፊት ቆሜ ሰነፍ ነኝ እላለሁ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ማጥ ደግሞ ባለፍኩ ቁጥር ይይዘኛል። ረዳቴ ወርዶ ድንጋይ ሲያነጥፍ ጊዜዬን ይበላዋል። እሱን የት ላካክሰው? እዚህ እናንተ ደጅ ነው እንጂ! ልጆቻችሁስ ቢሆኑ? ወደ ላይ ስወጣ ከኋላ ይንጠለጠሉብኛል። ስንቴ ወርጄ አባርሬአለሁ። አንዱ ቢወድቅ ገዳይ የምባለው እኔ ነኝ፤ ከናንተ ግን አንድም ሰው ወጥቶ ሲቆጣቸው አላየሁም።"

 ማጡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምንጭ ስላለበት በጋም አይደርቅ፣ እኛ በድንጋይ ላይ እየዘለልን እናልፈዋለን። ማጡ የሾፌር ጊዜ እንደሚበላ፣ የተበላው ጊዜ ደግሞ በልጆቻችን ላይ እንደሚመጣ ግን ማናችንም አስበን አናውቅም። ስለ መንጠልጠሉም ልጅ ነው፣ ይጫወታል ብለን ነው ያለፍነው።

"ማጡን ብንደፍነውስ?" አሉ ሐጂ።

"ማን? እናንተ?"

"እኛ። ይኼ ሁሉ ሰው ድንኳን ከሚተክል አካፋ ቢያነሳ አይሻልም?"

ሾፌሩ ቆሞ አሰበ። መልሶ ተቀመጠ። ንፍሮውንም እንደገና ዘገነ።

"ማጡ ካልያዘኝ እዚህ ቀስ ብል ምንም አይጎዳኝም" አለ። "መሙያ ገረጋንቲ ካባው ውስጥ ሞልቷል፤ ማንም አይፈልገውም፣ እየተጣለ ነው። ስወርድ ስወርድ ላራግፍላችሁ እችላለሁ። ግን እኔ ብቻ ቀስ ብል ምን ዋጋ አለው?"

"ሌሎቹንስ ማን ያነጋግራቸው?" አልኩት።

"ነገ ለቅሶ ይዣቸው እመጣለሁ።"

አመጣቸው። ሐሙስ ቀትር ላይ ገልባጮች ዳር ይዘው ተደረደሩ፣ ሾፌርና ረዳት ኮፍያውን እያወለቀ ገባ። አለቆቻቸው ቢጠይቋቸው ለቅሶ ደርሰን ነው ይላሉ፤ ለዚህ ደግሞ አሻጥር የሚል ስም የሚሰጥ አልተፈጠረም። ዕድሜዬ ስብሰባ ላይ ነው ያለቀው ማለት እችላለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ ስብሰባ ግን አይቼ አላውቅም። መፈክር የለ፣ ጭብጨባ የለ፤ ንፍሮ እየተዘገነ ነገር ይቆረጣል። ልጆቹ በየቦታው ከሚበተኑ እኛ ደጅ ብቻ እንዲሻገሩ፣ ጠዋትና ቀትር አንድ ትልቅ ሰው እንዲቆምላቸው፣ ከገልባጭ የተንጠለጠለ ልጅ ያየ የማንም ልጅ ይሁን እንዲያወርድና እንዲቆጣ ተስማማን። ሾፌሮቹም ድንኳኑ ቢነሳም እንዳለ ሊቆጥሩት፣ ላልመጡትም ሊነግሩ ቃል ገቡ። ሐጂ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉ። ሊቀመንበሩም ማጡን ቅዳሜ የመድፈኑን ሥራ የልማት ዘመቻ ብሎ ሰየመው፤ ወደ ላይ የሚያወራው ነገር ስላገኘ ደስ ብሎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ተነቀለ። ሐጂ ሸራውን ራሳቸው እያጠፉ "ተመስገን፣ እንደ መጣ ሄደ" አሉ።

ማታ የባለቤቴ እህት ደረሰች። እራት ላይ ነገሩን ሁሉ ስንነግራት እየሳቀች ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ሲያልቅ ግን ወደኔ ዞር ብላ "እና ልጅቷ?" አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚናገረውና መሪ ጨብጦ የሚያደርገው አንድ ላይሆን ይችላል። አማቴ "ነገ አንድ ጊዜ ትሻገር። ከዚያ ከፈለጋችሁ ውሰዷት፣ አፌን አልከፍትም" አሉ። አፋቸውን እንደሚከፍቱ ሦስታችንም እናውቃለን።

አርብ ጠዋት አራታችንም መንገዱ ዳር ቆምን። ማጡ ገና አልተደፈነም። ድንኳን የለም፣ ምልክት የለም። ከድልድዩ በኩል የገልባጭ ጩኸት መጣ፣ ቀጥሎ አቧራው ታየ። ሾፌሩን ስለየው ረጅሙ ሰውዬ አይደለም። ሐሙስ ከመጡትም አንዳቸው አይደለም፤ የማላውቀው ጎረምሳ ነው።  ልጄን ወደ ኋላ ሳብኳት።

"ልቀቂያት" አሉ አማቴ።

"ይኼኛው አልነበረም እማማ! አልሰማም!"

"ቆይ፣ እስኪ እንየው።"

ገልባጩ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ መጥቶ ቀጥ አለ። ጎረምሳው እጁን በመስኮት አውጥቶ ከኋላው ለሚመጣው መኪና ቁም የሚል ምልክት ሰጠ። ከዚያ ልጄን በአገጩ እየጠቆመ "እለፊ፣ እቴ" አላት።

"እማዬ፣ እጄን አሳመምሽኝ" አለች ልጄ።

ልለቃት ፈለግሁ፣ ጣቶቼ ግን እምቢ አሉኝ። አማቴ መጥተው አንድ በአንድ ፈለቀቋቸው። ልጄ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስ ዞር ብላም አላየችን፣ ሮጣ ግቢው ውስጥ ገባች። ገልባጩ ቀስ ብሎ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

የባለቤቴ እህት ትንሽ ጠብቃ "እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?" አለች።

"ምሳ በልተሽ ትሄጃለሽ" አልኳት።

ቅዳሜ ገረጋንቲው ተራገፈ፣ ሰፈሩ አካፋና ባሬላ ይዞ ወጣ፣ ማጡ ተደፈነ። ሁልጊዜ ሁሉም ሾፌር ቃሉን ጠበቀ ብዬ አልዋሽም። አዲስ ሾፌር ሲመጣ ይበራል፤ ያን ጊዜ ረጅሙ ሰውዬ ይዞት ይመጣና ከአማቴ ጋር ያስተዋውቀዋል፣ በቃ ይበርድለታል። የጎረቤታችን ልጅም በክራንች ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ እሷ ስትሻገር የሚቸኩል ሾፌር አላየሁም።

እኔ ግን ለረጅም ጊዜ አላመንኩም። ቀትር በደረሰ ቁጥር ምድጃዬን ትቼ መንገድ ዳር እቆም ነበር። ልጄ "እናቴ አታፍርም ወይ" እያለች ትነጫነጫለች፣ አማቴም ያሾፉብኛል። አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላሁ ከአማቴ ጋር በማይረባ ነገር ስንጨቃጨቅ በሩ ተከፈተ። ልጄ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወርውራ "ራበኝ" አለች። ሰዓቱን ረስቼው ነበር።